የቧንቧው ሳንባ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ካለበት የነገ ቁርሴ ጉሮሮዬ ላይ ይቁም፤ ውሃ የሚያቀብለኝም ልጣ።

ቧንቧ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ቧንቧ ያለው ጓደኛው ክብሪት ነው። ክብሪትን ክብሪት ያለው ደግሞ ቧንቧ ራሱ። ልጆች ሳሉ ከሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ ጀርባ አንድ ጨዋታ ነበራቸው። ክብሪት ካርቶን ከምሮ ይለኩሳል። ቧንቧ በአፉ ሳይረን እየነፋ በሩጫ ይደርስና ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ያጠፋል። ውሃው ከየት መጣ? ከራሱ ነዋ! እንዲህ ያለ ልጅ እሳት አደጋ ካልገባ ማን ሊገባ ነው?

«ሳድግ እሳት አደጋ ነኝ» ይላል ቧንቧ፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። ክብሪት ግን ሆዱን ነበር የሚያስበው። «እኔ ዳቦ ቤት ነው የምከፍተው፤ ትኩስ ትኩሱን ራሴ እበላዋለሁ።»

የቧንቧ ጣጣው ማታ ነበር። ለሥራ ብሎ ቀኑን ሙሉ የተጋተው ውሃ ሌሊት አልጋው ላይ ይመጣበታል። ይህን የሚያውቁት እናቱና ክብሪት ብቻ ነበሩ። ክብሪት «ብናገር ምላሴ ይቃጠል» ብሎ ምሏል። የወተት ጥርሱን ነቅሎ ሳይጨርስ ደግሞ ቧንቧ ልማዱን እርግፍ አድርጎ ተወው፤ ነገሩም ተረሳ።

አደጉ። እሳት አደጋ ሰው ሲመለምል አብረው ሄዱ። ሮጡ፣ መሰላል ወጡ፣ ቱቦ ተሸክመው ግቢውን ዞሩ። ቧንቧ ሁሉንም አስከትሎ ጨረሰ፤ ሲወርድ ብቻ መሰላሉ ቅልጥሙን ላጠው። ስለዚህ በማግስቱ ውጤት ሊያይ የሄደው ክብሪት ብቻውን ነው። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔን ወሰዱኝ» አለ።

«እኔስ?»

«ሳንባህ ደካማ ነው አሉ። ጭስ የሚባል ነገር ካገኘህ አለቀልህ፤ ተጠንቀቅ ወንድሜ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ቧንቧ በሽተኛ ሆነ። ኳስ ተወ። ፎቅ ላይ ሰርግ ከተጠራ ታች ቆሞ መርቆ ይመለሳል። ድንጋይ በሚሰነጥቅ ፀሐይ ሻርፕ ይጠመጥማል። ሚስቱ በየማታው ደረቱን በቅባት ታሸዋለች። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ዳቦ ቤት ምን ይሠራል ብትሉኝ፣ ከእሳት መራቅ አቅቶት ነው። ማጥፋቱን ቢከለክሉት አጠገቡ መዋልን ማን ይከለክለዋል? እሳት ሊያጠፋ የተፈጠረ ሰው እሳት ሲያነድ ኖረ፤ ምድጃውን በከፈተ ቁጥር የመጨረሻዬ ነው እያለ።

ክብሪት የእሳት አደጋ አለቃ ሆነ። ክፉ ጓደኛ እንዳይመስላችሁ! ክረምት በገባ ቁጥር የሳል ሽሮፕ ይዞለት ይመጣል። በየጠዋቱ ዳቦ ሊወስድ ብቅ ሲል ደግሞ፣

«ሳንባዬ እንዴት አደረ?» ይላል።

«አለ፣ ይተነፍሳል። አንቺስ ክብሪት፣ ዛሬ የማንን ቤት ልታቃጥዪ ነው?» ይለዋል ቧንቧ። እንደ ልጅነታቸው «አንቺ» ይለዋል፤ ይሳሳቃሉ።

አንድ ጠዋት ሰልፉ እስከ በር ደርሶ ሳለ የጭስ ማውጫው ጥላሸት ተያያዘ። ጭሱ ወደ ታች ተመልሶ መጋገሪያ ክፍሉን ሞላው። ክብሪት ከነመኪናው፣ ከነሳይረኑ፣ ከነሰዎቹ ከተፍ አለ። ሰዎቹ ገቡ፤ ዓይናቸው እያለቀሰ፣ ሳንባቸውን ሊተፉት ደርሰው ወጡ። የምድጃው በር ስለተከፈተ እሳቱ አየር እየሳበ ነው፤ ካልተዘጋ ቤቱ መሄዱ ነው።

«ቧንቧ፣ እንዳትሞክራት!» አለ ክብሪት። «ሳንባህ!»

ቧንቧ ግን ገብቷል። ሚስቱ ጭንቅላቷን ይዛ ጮኸች። ቆየ። አሁንም ቆየ። ከዚያ ምድጃውን ጠርቅሞ፣ በአካፋው ሙሉ ዳቦ ተሸክሞ ወጣ። አንዷም አላረረች። እሱም አላሳለ፤ እህ እንኳ አላለም። ሰዎቹም ጣሪያ ላይ ወጥተው የቀረውን አጠፉት።

ሰልፉ ውስጥ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ፤ የዚያን ጊዜው መልማይ ናቸው፣ ጡረታ ወጥተው ጆሯቸው ደከም ብሏል።

«አወቅሁት!» አሉ። «መሰላሉ ላይ የበረረው ልጅ! ሳንባው የበሬ ነው ብዬ ነበር እኮ!»

«አባባ፣» አለ ቧንቧ፣ «በሳንባዬ አይደል የመለሳችሁኝ?»

«ሳንባህን ማን ነቀፈው? አንተማ አንደኛ ነበርክ።» ሽማግሌው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ፤ የደንቆሮ ሹክሹክታ ግን ሰፈር ይሰማዋል። «ሌሊት አልጋህን ታርሳለህ ተብሎ ነው እንጂ፣ ልጄ! ስንት ሰው በሚተኛበት ክፍል የት ላስተኛህ?»

«ምናለበት፣ ውሃው ከእሱ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

«ማነው እንደዚያ ያለው?» አለች ሚስቱ፣ እጇ ዱቄት እንደሆነ። «አልጋዬ እንደ ብስኩት ደረቅ ነው! አብሬው የማድረው እኔ ነኝ!»

ቧንቧ አልሳቀም። እናቱ ከሞተች ቆይታለች። ያቺን ነገር የሚያውቅ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ያም ቆቡን በእጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

«አንድ ቦታ ብቻ ነበር የቀረው» አለ ክብሪት። «አንተ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ።»

«አንተ ዳቦ ቤት አልነበር የምትለው?»

«የደንብ ልብሱን ሳየው አማረኝ።»

«ሳንባውን ለምን ጨመርክ?»

«እንዳታፍር ብዬ ነዋ!»

«ሽሮፑስ?»

ክብሪት ቆቡን ዓይኑ ድረስ ደፋ።

ያኔ ቧንቧ በእሳት አደጋው መሰላል ጣሪያው ላይ ወጣ። ሱሪውን ዝቅ አደረገ። እንደ ድሮው ሳይረን እየነፋ የክብሪትን ቆብ፣ ትከሻ፣ ማዕረጉን ሳይቀር አጥፍቶ ወረደ፤ ሰልፉም አጨበጨበ።

እሺ፣ እሺ። ይቺን መሰላል እኔ ነኝ ያቆምኳት። እንዲህ ቢያልቅ ደስ ስለሚለኝ ነው፤ ሌላው ሁሉ እውነት ነው። ቧንቧ የትም አልወጣም። ሻርፑን ፈታ፤ አጥፎ ባንኮኒው ላይ አኖረው። የክብሪትን ዳቦ እንደ ወትሮው ጠቅልሎ በሁለት እጁ ዘረጋለት።

«ይውሰዱ፣ አለቃ። እርስዎ ትኩሱን ነው የሚወዱት።»

ክብሪት ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ወደ ኋላው ዞር አለ። ከኋላው ሌላ አለቃ የለም።

«ስደበኝ እንጂ» አለ። «አንቺ በለኝ።»

ቧንቧ በክብሪት ትከሻ ላይ አሻግሮ ሰልፉን አየ።

«የሚቀጥለው!»