የተናኜ መጅ

ስልከኛው ዓምደሚካኤል በዚህ ዓለም ሁለት ነገር ይወድ ነበር፤ ሚስቱን ሳህሊቱንና የመቃብር ቦታን። የትኛውን እንደሚያስቀድም ሳህሊቱ እርግጠኛ አልነበረችም።

ሰውዬው የሚሠራው ሶዶ ከተማ ስልክ ቤት ነው። ሳምንቱን ሙሉ እጀታ ሲያዞርና «ሃሎ! ሃሎ!» እያለ ሲጮህ ይሰነብትና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዲስ አበባ ካለ አንድ አርመን የገዛትን ጥቁር የፎቶግራፍ ሣጥን አንግቶ ወደ አንዱ ደብር ይሄዳል። ለመሳለም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቅጥሩን ዞሮ ከጽዶቹ ሥር ያሉትን አሮጌ መቃብሮች ሊያይ፣ ከተመቸውም ፎቶግራፍ ሊያነሳ ነው። የሹማምንቱ መቃብር ከፊት ለፊት ነው፤ የተጠረበ ድንጋይና የተጻፈ ስም አለው። የገባሩ ግን ከጓሮ በኩል ሆኖ ሣር ውጦታል። ዓምደሚካኤል የሚወደው ይኼኛውን ነበር። እዚያ ሲቆም የሳምንቱ ጩኸት ሁሉ ከጆሮው ይወጣለታል።

«ሰው ሠርግ ያነሳል፤ ክርስትና ያነሳል» ትለዋለች ሳህሊቱ። «አንተ ከሙት ጋር ቀጠሮ ይዘህ ትዞራለህ።»

«ሕያው ሰው አይመችም። ዝም በል ብትዪው ያስላል፤ ቁም ብትዪው ያካል። ሙት ግን ጨዋ ነው፤ አይነቃነቅም።»

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሣጥኗ በዛፍ ጥላ ሥር ስትሆን ዓይኗን ከፍታ ትንሽ መቆየት አለባት። በዚያች ቅጽበት ሰው ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ራሷ ሣጥኗ ከተንቀሳቀሰች፣ ሥዕሉ ጭስ ይሆናል።

በ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ በበቅሎው ሆኖ በአረካ መንገድ ወዳለች አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከጓሮው ጥግ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ከጽዶቹ ማዶ የዳሞታ ተራራ ደመናውን አራግፎ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዓምደሚካኤል ልቡ ሐሴት አደረገች። ሣጥኗን የቅጥሩ ካብ ላይ ሊያስቀምጣት ሲል ግን ድንጋዩ አባጣ ጎርባጣ ሆነና ትንገዳገድበት ጀመር። ዙሪያውን ቢያይ ከሣሩ መሐል አንዲት ጥቁር ድንጋይ አገኘ። ሆዷ ልሙጥ ነው። ሲያነሳት መጅ ናት፤ በወፍጮ ላይ እህል የሚፈጩባት የእጅ ድንጋይ። ግን ትንሽ ናት፤ የልጅ እጅ የሚጨብጣት።

«ማን ረስቷት ሄደ?» አለና ካቡ ላይ አጋደማት፤ ሣጥኗን በላይዋ አስቀመጠ። እንደ ወንበር ተመቸችው። አንድ ጊዜ እንዳነሳ ዝናብ መጣ። ሣጥኗን በጋቢው ጠቅልሎ ወደ በቅሎው ሮጠ። መጇ ካቡ ላይ ቀረች።

በማግስቱ የጓዳውን መስኮት በጆንያ ደፍኖ ፊልሙን አጠበ፤ ሲደርቅ በፀሐይ ብርሃን ወረቀት ላይ አተመው። ጽዱ፣ የቅጥሩ በር፣ ተራራው፣ ሁሉም አምሮ ወጣ። ከሣሩ መሐል ግን የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነጭ ነገር ጉብ ብላበታለች።

«ይኼ አርመን የተበላሸ ፊልም ሸጠልኝ!» ብሎ ተናደደና ፎቶግራፉን ከልብስ ሣጥን ሥር ወሸቀው።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንዲት አሮጊት ወደ ስልክ ቤት ገባች። ጀርባዋ ላይ የሆነ ነገር በነጠላ አዝላለች። ዓምደሚካኤል ሕፃን መሰለው። ሴትዮዋ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ያች መጅ ናት።

«ባለ ሣጥኑ ጌታ አንተ ነህ?»

«ነኝ። ምን ፈለግሽ?»

«ይህን ከየት አነሳኸው? ካቡ ላይ ሣጥንህን በላዩ ስታስቀምጥ ያየህ ሰው አለ።»

የሴትዮዋ ስም አገርነሽ ነው፤ የዚያው ደብር ጎረቤት ናት። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የኅዳር በሽታ አገሩን ሲፈጀው፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ተናኜ ሞተችባት። በዚያ ቀን በዚያ ጥግ ስምንት ሰው ጎን ለጎን ተቀበረ። ድንጋይ የሚከምር ጉልበት ያለው ሰው አልተረፈም። አገርነሽ ልጅቱ መፍጨት የተማረችባትን መጅ አምጥታ በላይዋ አኖረች። ሌላ ምልክት የለም። በየዓመቱ ኅዳር ሲመጣ መጇን አንስታ በውኃ ታጥባለች፤ መልሳም እዚያው ታስቀምጣለች።

«ደረቴ ያመኛል፤ ብዙ አልቆይም» አለች። «ወንድሜን ከልጄ ጎን አስተኛኝ ብዬዋለሁ። አሁን የቱ ጋ ብዬ ላሳየው? ሣሩም ታጨደ። ስምንት ሰው ነው እዚያ ያለው። እኔ ከማላውቀው ሰው ጎን ልተኛ ነው?»

ዓምደሚካኤል ለማስታወስ ሞከረ። ከሣሩ መሐል መሆኑን እንጂ ሌላ ምንም ሊመጣለት አልቻለም።

«ድንጋይ አስጠርባለሁ» አለ ጨንቆት። «ስሟን በትልቁ አስጽፌ...»

«የት ትተክለዋለህ?» አለችው።

አፈረ። በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። መቃብር እወዳለሁ ሲል የኖረው ሰው የአንዲት ልጅ መቃብር ላይ ያለውን ምልክት አንስቶ ለሣጥኑ መቀመጫ አደረገው!

«እስቲ የሠራህበትን አሳየኝ» አለች አገርነሽ። «የልጄን ድንጋይ ያስነሳህ ነገር ምን እንደሆነ ልየው።»

ከስልክ ቤቱ ጀርባ ካለው ቤቱ ወሰዳት። ሳህሊቱ በርጩማ ሰጠቻት። ዓምደሚካኤል ፎቶግራፉን ከወሸቀበት አውጥቶ እያመነታ አቀበላት።

«ይቺን ነጭ ነገር እንዳታዪብኝ፤ ብልሽት ናት።»

አሮጊቷ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ብዙ ቆየች። ጽዱን ለየችው። በሩን ለየችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ነጯ ነገር አጠገብ አሳረፈች።

«ብልሽት አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ድንጋይ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ሣር ነጭ ነው፤ ፀሐይ አያገኝም። እኔ በየዓመቱ አየዋለሁ። ይቺው ልጄ፤ እዚህ ነው የተኛችው።»

ሳህሊቱ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ዓምደሚካኤል በቅሎውን ሊጭን ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩን ለባልደረባው ትቶ፣ አገርነሽን በበቅሎው አስቀምጦ፣ ልጓም ይዞ በእግሩ ሄደ። የሶዶ ሰው ቆሞ አያቸው። እሱ ዞሮም አላየ።

ደብሩ ሲደርሱ መጇን ካቡ ላይ በነበረችበት አጋደማት፤ ሣጥኗን በላይዋ አስቀመጠ። ፎቶግራፉን በግራ እጁ ይዞ በመመልከቻዋ ትንሽ መስታወት አጎንብሶ ማየት ጀመረ። የጽዱ ቅርንጫፍ የበሩን ክዳን ጫፍ እስኪነካ ሣጥኗን ገፋት፤ መለሳት። ሥዕሉና መስታወቱ አንድ ሆኑ።

«ወደ ግራ ፈቀቅ ይበሉ» አለ። «ትንሽ ወደፊት። አሁንም ትንሽ። በቃ! እዚያው ይቁሙ እማማ!»

አገርነሽ ተንበርክካ የታጨደውን ሣር በጣቶቿ ገለጠች። አፈሩ መጅ በምታህል ስፋት ጎድጎድ ብሎ፣ በላዩ ቀጫጭን ለምለም ሣር በቅሎበታል። ግንባሯን መሬት አስነክታ ቆየች። ዓምደሚካኤል መጇን በሁለት እጁ ተሸክሞ አመጣላት፤ ልክ እንደ ክዳን ገጠመች።

«ሣጥኑ ሌላ ይይዛል?» አለችው ቀና ብላ።

«አንድ ይቀረኛል።»

«እንግዲያ አንሳ። ወንድሜ ይረሳል።»

ይህን ብላ ከመጇ ጎን ተጋደመች። እግሯን ወደ ምሥራቅ ዘረጋች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ዓይኗን ጨፈነች። ትተነፍስ እንደሆነ እንኳ አያስታውቅም። ሣጥኗ አሁን መቀመጫ የላትም። ዓምደሚካኤል ተንበርክኮ ደረቱ ላይ አጣበቃትና ትንፋሹን ይዞ አነሳ።

ፊልሙን ሲያጥበው መጇም፣ አሮጊቷም፣ ጽዱም ድርብርብ ብለው ጭስ መስለዋል። አገርነሽ አልተንቀሳቀሰችም ነበር። የተንቀጠቀጠው እሱ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ወረቀቱን ይዞላት ሄደ። «አልወጣልኝም እማማ» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ጊዜ ደግመው ይተኙልኝ።»

አገርነሽ ፎቶግራፉን አየችው። የመጇን ጥቁረት ፈልጋ አገኘችው፤ ከጎኗ ያለውን ነጭ ጥላም አየችው። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላ ጉያዋ ከተተችው።

«ይበቃል ልጄ» አለችው። «ሁለተኛ የምተኛው ለመነሳት አይደለም።»