በፈረሱ ባለቤት ስም

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ የሳጉሬን መንገድ ሲያጨቀየው ተናኘወርቅ እንደገና በገበሬዎች አገልግሎት ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆመች። የባሏ የገብረሥላሴ የመቃብር አፈር ገና ሣር አላበቀለም። ስሙ ግን በማኅበሩ መዝገብ «ዕዳውን ያልከፈለ» ተብሎ ሰፍሯል። ዕዳ ላለበት ቤት ማዳበሪያ አይሰጥም፤ የደከመ መሬት ያለ ማዳበሪያ ስንዴ አይሰጥም፤ ጦም ያደረ መሬት ደግሞ ለሌላ ይሸነሸናል። ይህ ውሳኔ በስብሰባ ሲነበብ ተናኘወርቅም ከሰው ጋር አጨብጭባ ነበር።

«ዛሬም መጣሽ?» አለ ጸሐፊው ግዛቸው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ የደጋውን ብርድ የሚጠላ፣ ካፖርቱን ቤት ውስጥም የማያወልቅ ጎልማሳ ነው።

«ዕዳው እስኪነሳ እመጣለሁ።»

«ዕዳ በመመላለስ ቢነሳ ኖሮ ባለዕዳ ባልኖረ።»

«ባሌ ከፍሏል።»

«ካርኒውን አምጪያ!»

ነገሩ የሚታነቀው እዚህ ላይ ነበር። በጥር ገብረሥላሴ ደረቱን አሞት ከመደብ መነሳት ሲያቅተው፣ ለማዳበሪያ ዕዳው የሚከፈለውን ስንዴ በፈረሶቹ ጭኖ ያደረሰለት አሰግድ ነው፤ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳ አበልጃቸው። መጋዘኑ ደግሞ ልማድ አለው፤ ካርኒውን የሚቆርጠው በአምጪው ስም ነው፤ እህሉ የሌላ ከሆነ አምጪው ይናገራል። አሰግድ ተመልሶ «ደርሷል» አለ። ገብረሥላሴ «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ካርኒ አልጠየቀም። በዚያ አገር አበልጅን ካርኒ መጠየቅ ቤተ ክርስቲያን በጫማ ከመግባት ይብሳል።

«ስንዴው በአሰግድ ስም ነው የተጻፈው» አለች። «የሱ ዕዳ በባሌ ስንዴ ተሰርዟል። ይጠየቅ።»

ግዛቸው ሳቀ። «እዚህ አገር ሰው ሁሉ ከፍሎ ነው የሚሞተው!»

«ይጠራ» አለ ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው ሊቀ መንበሩ ሁሴኖ። «አንተ ወረቀትህን ያዝ። ሰዎቹን ለኔ ተው።»

ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር አሰግድ ሩቅ አልነበረም። ፈረሱን ደጅ አስሮ፣ ዝናብ ከጋቢው እያራገፈ ገባ።

«ደህና ዋልሽ፣ አበልጅ?»

«አልዋልኩም።»

«በጥር ያስገባኸው ስንዴ የማን ነው?» አለ ሁሴኖ።

«የኔ ነዋ!» አሰግድ ከደረት ኪሱ የተጣጠፈ ካርኒ አወጣ። «ይኸው፣ ስሜ አለበት።»

«የጥርን ካርኒ በሰኔ በደረትህ ይዘህ የምትዞረው ምን ፈርተህ ነው?» አለችው ተናኘወርቅ። እስከዚያ ቀን አንቱ ስትለው ኖራለች። ግዛቸው ሳይቀር ከመዝገቡ ቀና አለ።

«ምን ትላለች ይቺ!»

«በቀብሩ ዕለት አፈሩ እንደተመለሰ አባ ሀብተ ማርያም እንደ ደንቡ ጠየቁ። ‹የሟች ገንዘብ በእጁ ያለ ይናገር፤ ከሟች የሚፈልግም ይናገር› አሉ። አካፋውን ተደግፈህ ቆመህ ነበር። ትንፍሽ አላልክም።»

«የሌለብኝን ምን ብዬ ልናገር?»

«እንግዲያው ማል።»

ግዛቸው ጠረጴዛውን መታ። «መሐላ ቤታችሁ! ይህ የመንግሥት ሥራ ነው!»

«እኛ እስላሞቹም ዘንድ ሬሳ ሳይቀበር የሟች ዕዳ ይጠየቃል» አለ ሁሴኖ ሳይቸኩል። «ዱጋ ፊርማ አያውቅም፣ ጓድ።» እውነትን በእናቱ ቋንቋ መጥራቱ ነበር። «ይማል።»

ተናኘወርቅ ወደ አሰግድ ተጠጋች። «በመጽሐፍ አይደለም። ‹ስንዴው የገብረሥላሴ ከሆነ፣ ክርስትና ያነሳሁትን ልጅ እግዜር አያቁምልኝ› በል።»

ቃሉ ከአፏ ወጣ። አልመለሰችውም።

«የራስሽን ልጅ?» አለ አሰግድ።

«የኔን። ያንተንም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አሰግድ ካርኒውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

«በመኸር ልመልስ ነበር» አለ። «መሬቴን ሊነጥቁኝ ሆነ… እሱ ሞተ፤ ከዚያ በኋላ አፌ ታሰረ።»

«ለመቃብሩ ንገረው።»

ግዛቸው እየተነጫነጨ መዝገቡን ገለጠ። ከገብረሥላሴ ስም ፊት የነበረውን ቃል ሰረዘ፤ ያንኑ ቃል በአሰግድ ስም ፊት ጻፈው። ለተናኘወርቅ የማዳበሪያ ማውጫ ቆርጦ ሲወረውርላት፣ «ዕዳውማ አልሞተም፤ ቤት ለወጠ እንጂ» አለ።

ከመጋዘኑ የተሰጣትን ጆንያ እየጎተተች ደጅ ስትወጣ፣ አሰግድ ፈረሱን ፈትቶ ቆሞ ነበር። ኮርቻው ባዶ ነው። የእሷ ቤት ደግሞ ከዳገቱ ማዶ።

«ጫኚው» አለ ወደ መሬት እያየ። «ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ… ዝናብ ነው። ጫኚው።»

ተናኘወርቅ ነጠላዋን አሸረጠች። ጆንያውን በገመድ አስራ፣ ተንበርክካ በጀርባዋ ተቀበለችው፤ አጥሩን ይዛ ተነሳች።

«ያንተ ፈረስ የጫነው በስምህ ይጻፋል» አለችውና ወደ ጭቃው ገባች።