በቲቸር ይሕደጎ በር ላይ የተተከለው ድንኳን

ከኦሎምፒያ እስከ ገርጂ ቢፈለግ እንደ እኔ ያለ ሊቀ መንበር አይገኝም። ይህን የምለው ራሴን ለማወደስ አይደለም፤ ሌላ የሚያወድሰኝ ስለጠፋ ነው። የጥድ ጥላ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበርን ከተረከብኩ ወዲህ የቴሌግራም ግሩፓችን አገር አክሏል። ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» ብዬ ስጽፍ የሚላከው አውራ ጣት ኔትወርክ ያጨናንቃል። ስብሰባ ስጠራ ግን እኔና ምክትሌ ሳጂዳ ማኪያቷችንን ጠጥተን፣ አስተናጋጁን አመስግነን እንበተናለን።

ይህን ለቲቸር ይሕደጎ ነግሬያቸው አላውቅም። ጂኦግራፊ ያስተማሩን፣ አሁን ኢምፔሪያል አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር «ማኅበሩስ?» ይሉኛል።

«ሦስት ሺህ ደርሰናል፣ ቲቸር!»

ፊታቸው ሲበራ አያለሁ። ሽማግሌን ለማስደሰት የተጨመረ ዜሮ ኃጢአት አይደለም።

ነሐሴ ላይ ጉዱ መጣ። ጉልበታቸው ስለደከመ ልጃቸው ትርሓስ ወደ መቀሌ ልትወስዳቸው ቆረጠች። የቤት ዕቃው አስቀድሞ ተጫነ፤ እሳቸው ሰኞ በአውሮፕላን ሊሄዱ ሆነ። አስጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ታዴዎስ ወደይ፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ የምመለስ አይመስለኝም። ልጆቼን አንዴ አይቼ ልሂድ። ሦስት ሺውን ባትችል ግማሹን አምጣልኝ።»

«ግማሽ ምን ያደርጋል? ሁሉንም ነው የማመጣው!» አልኩ። ምላሴ ከእኔ ቀድማ ነው የተወለደችው።

ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፤ ቲቸር ወደ መቀሌ ሊሄዱ ነውና ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው እንገናኝ አልኩ። አውራ ጣት ዘነበ። ኦሎምፒያ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሆነው ኪዱ «ስብሰባ አለብኝ፤ በመንፈስ ከእናንተ ጋር ነኝ» አለ። የሌላውም መልስ ያው የኪዱ መልስ ታናሽ ወንድም ነበር። በመንፈስ የሚመጣ ሰው አግዳሚ አያስፈልገውም። እኔ ግን በሥጋ የሚመጣ ነበር የምፈልገው፤ ሽማግሌው በመስኮት አሻግረው ባዶ መንገድ እያዩ እንዲሄዱ አልፈለግሁም።

ቅዳሜ ሰማዩ ተቀደደ። ቤት ውስጥ ወንበር የለም፣ ውጭ ዝናብ ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው መላ አያጣምና የሰፈሩን እድር ድንኳንና አግዳሚ ተዋስኩ። በሩ ላይ አስተከልኩት፤ ቤተ መንግሥት መሰለ! ፎቶ አነሳሁና ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። አንድ ቃል አልጻፍኩበትም፤ ሥራዬ ራሱ ይናገራል ብዬ። ከዚያ ስልኬን ኪሴ ከትቼ አግዳሚ መደርደር ጀመርኩ።

የእድር ድንኳን በማለዳ ሰው በር ላይ ተተክሎ ሲታይ የአዲስ አበባ ሰው ምን እንደሚያስብ እኔ ዘንግቼዋለሁ። ግሩፑ አልዘነጋም።

መጀመሪያ የደረሰችው ሳጂዳ ነች፤ ሾላ ገበያ እህል ትነግዳለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ትልቅ ድስት ታቅፋ፣ «ወይኔ ቲቸሬ! ሳልሰናበትዎ!» እያለች ገባች። ይህች ልጅ መቀሌን ምን ያህል ሩቅ አድርጋ ነው የምታስባት አልኩ በሆዴ። ኪዱ በጥቁር ሱፍ፣ የታሸገ ውኃ ተሸክሞ መጣና አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

«እግዜር ያጽናህ፣ ታዴ።»

«አጽንቶኛል» አልኩ፤ አግዳሚ መሸከሜን ያየልኝ መስሎኝ።

ከዚያ መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ጥቁር ጃንጥላው ተከታተለ። መንገዱ እስከ ቀለበት መንገዱ ድረስ ተዘጋ ብል ማጋነን አይሆንም። ወንዱ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ሴቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታነባለች። እኔ ደግሞ «እንዴት ቢወዷቸው ነው!» እያልኩ እኮራለሁ።

ኪዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«የማን?»

መልሱን ሳልሰማ በሩ ተከፈተ። ቲቸር ይሕደጎ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። የሚያለቅሰውን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ምነው ልጆቼ? ማን ሞቶ ነው?»

ሳጂዳ ጮኸች። ኪዱ ውኃውን እግሩ ላይ ጣለው።

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ቲቸር!» አለ እግሩን እያሻሸ።

«እኔ? ማን ነገረህ?»

ኪዱ ፎቶውን አሳያቸው። ያ ሁሉ ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ወይ ሰዉ ተቆጥቶ ይበተናል፣ ወይ ሽማግሌው በሟርት ተቀይመውኝ ይሄዳሉ ብዬ ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ፈቀቅ አልኩ። ቲቸር ስልኩን መለሱና ኪዱን ትክ ብለው አዩት።

«ኪዱ፣ ዛሬም አርፍደሃል። ተንበርከክ።»

የባንክ ሥራ አስኪያጁ ሱፉን ለብሶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ! ድንኳኑ በሳቅ ሊነቀል ደረሰ። ሳጂዳ የንፍሮ ድስቷን ነጠላዋ ሥር ልትደብቅ ስትል አዩዋት።

«አምጪው እንጂ! የራሱን ንፍሮ የበላ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

በሉ። እኛም በላን። ከዚያ ለአስከሬን ሊነገር ታስቦ የመጣው ሁሉ ለሰውየው ተነገረ። ሳጂዳ ተነስታ፣ «የዓለም ካርታ ሲስሉልን በጠመኔ ነጥብ አድርገው፣ ‹ሳጂዳ፣ የእናትሽ ሱቅ እዚህ ጋ ነው› አሉኝ። እናቴን ከፓሪስ እኩል ካርታ ላይ አዋሉልኝ። ያን ቀን ነው ቀና ያልኩት» አለች። ቲቸር ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ።

ሰዉ ሊበተን ሲል እጄን ያዙኝ። «ታዴዎስ፣ አንተ ሦስት ሺህ ስትል ሦስት ማለትህ እንደሆነ ከልጅነትህ አውቃለሁ። ዛሬም ሻይ ያፈላሁት ለሦስት ሰው ነበር። ተባረክ ወደይ፤ ሻዬን አሳነስክብኝ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ሰኞ ሸኘናቸው። በሳምንቱ ትርሓስ ደወለች።

«አንተ ታዴ፣ አባቴ ለመቀሌ ጎረቤት ሁሉ ‹አሥር ሺህ ተማሪ ነው አልቅሶ የሸኘኝ› እያለ ነው። እውነት ነው እንዴ?»

ድንኳኑን አሰብኩት፤ ግፋ ቢል ስልሳ ሰው ይይዛል።

«ትርሓስ እህቴ» አልኳት፣ «እኔ መምህሬን አላርምም። ደግሞስ ዝናብ ላይ የቆመውን ማን ቆጠረው?»