ቅጠል የሌለው አበባ

ልብስ ሰፊዋ አበባውን የወደደችው ራቁቱን ስለሚቆም ነው። ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ አገር ምድሩ ሲጨፈግግ፣ እሱ ያለ አንዲት ቅጠል ከመሬት ብቅ ብሎ በሐምራዊ ይስቃል። የመናፈሻው አትክልተኛ ደንበኛዋ ነውና ሽንኩርት የሚመስሉ ሥሮቹን ለምና ተቀበለችው። እርጥበት የማያጣው፣ ግማሽ ጥላ ያለበት መሬት ይስማማዋል አላት። በግቢዋ እንዲህ ያለ መሬት አንድ ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ሥር አማቷ የዱር ነጭ ሽንኩርት የሚያለሙበት መደብ። የሽንኩርቱ ቅጠል በዚያ ወራት ደርቆ ጠፍቷል። አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነሣል፣ ምን ያጣላቸዋል ብላ እዚያው ቀበረችው። ቅጠል እንዳለው በምን ትወቅ? ያየችው አበባውን ብቻ ነው።

ብርዱ ሲያልፍ መደቡ በአረንጓዴ ተጥለቀለቀ። አማቷ ዘንድሮስ እጥፍ ሆነልኝ እያሉ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። እሷም ሞኟ አብራ ተደሰተች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አትክልተኛው ሱሪ ሊያሳጥር ሱቋ መጣ። እግሩ ሥር ተንበርክካ ጫፉን በስፒል ስትይዝለት፣ ያ አበባ ቅጠል አወጣ ወይ ብሎ ጠየቃት። ቅጠል የለውም ብላ ሳቀችበት። እሱ አልሳቀም።

"ቅጠሉ የሚወጣው አሁን ነው። ከነጭ ሽንኩርት ቅጠል አይለይም። መርዝ ነው፣ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚጀምረው፣ ከብት እንኳ ይገድላል" አላት።

ክው አለች። ጠዋት ስትወጣ አማቷ መቀስ ይዘው ወደ መደቡ ሲያዘግሙ አይታቸዋለች፤ ለጭራሮ ሾርባ ሊሠሩላት። ጭራሮ ልጇ ናት፤ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ደመኛ ስለሆነች ከስታ ስሙ ወጣላት። ስልክ ደወለች፤ የሚያነሣ የለም። ሰውየውን አንድ እግሩን በስፒል እንደተያዘ ትታው እግሬ አውጪኝ አለች።

ቤት ስትደርስ መደቡ ከዳር እስከ ዳር ተላጭቷል። ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል። ጭራሮና አያቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ፣ እየተጭበራበሩ ይስቃሉ። ደህና መሆናቸው ይባስ አስፈራት።

"በላች?" አለች።

"ሳህኑን ልሳ ነው የሰጠችኝ! ዛሬ ከቁጣሽ ዐረፍን" አሉ አማቷ ልጅቷን ጠቀስ አድርገው።

አማቷን ጎትታ ወጥ ቤት አስገባችና በሩን ዘግታ ነገረቻቸው፤ ምን እንደቀበረች፣ ሰውየው ምን እንዳለ። አሮጊቷ መጀመሪያ ተቆጡ፤ እጄ እስካሁን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል እኮ አሉ። አንድ ላይ ከተቆረጠ ሁሉም እሱን እሱን መሽተቱ ኋላ ገባቸው። እሷ ግን ልጄን፣ ልጄን እያለች ስልኳን ፍለጋ ቦርሳዋን ስታገላብጥ፣ የያዘችውን ሁሉ መሬት በተነችው።

"እሷ አልቀመሰችም" አሉ አማቷ በቀስታ። "እንዳትቆጫት ብዬ የሷንም ድርሻ እኔው ጠጣሁት። ጣፍጦኝ ነበር።"

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። "ተመስገን!" ብላ በሳቅም በእንባም ግድግዳውን ተደገፈች፤ በዚያች ሴት ፊት፣ በሁለት ሳህን መርዝ ፊት። የሠራችውን ስታውቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ተመስገን ነዋ" አሉ አማቷም፣ ከልባቸው። ሻርፓቸውን ከወንበሩ አንሥተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። "በይ ታክሲ ጥሪልኝ፤ ሆዴን መቁረጥ ጀምሮኛል። ልጅቷን ጎረቤት አስቀምጫት፣ እንዳታይ።"

"እማማ፣ እኔ ነኝ የገደልኩዎት።"

"ዝም በይ። ልጄ ሲመጣ እናትህ ከጫካ ለቅማ ነው በዪው። መደቡን እንዳታነሺበት፣ እሱም ቁጡ ነው" አሉና ክንዷን ይዘው ወደ በሩ ተራመዱ።