ሁለት ክምር ፎቶ

«በመጀመሪያ የሞቱትን ለይታችሁ ስጡኝ» አለ አንሙት፣ በመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ የተዘረገፉትን ፎቶዎች በመዳፉ እየበተነ።

ይህን ያለው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላይ የሰርግ ቪዲዮ ሲያቀናብር ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሥራውም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በድግሱ ድንኳን ውስጥ ትልቁ ስክሪን ላይ መጀመሪያ የሚወጡት ሙታን ናቸው። ግራና ቀኝ ሻማ ይበራላቸዋል፤ ዋሽንት በቀስታ ይለቀቅላቸዋል፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ዋሽንቱ ድንገት ይቆምና ከበሮው ይገባል፤ ሕያዋኑ ይመጣሉ። ሰዉም እንባው ሳይደርቅ እልል ይላል። በዚህ ቅደም ተከተል ቅር ያለው ደንበኛ እስከ ዛሬ አልገጠመውም።

አለበል ከሮብ ገበያ በማለዳ መኪና ሲመጣ የለበሰውን አቧራ እንኳ ከጋቢው ላይ አላራገፈም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሟል። ፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ ማንም አይቶት የማያውቀው ፏፏቴ ተስሏል፤ ከሥሩ በፕላስቲክ ጽጌረዳ የተከበበ የሙሽሮች ወንበር አለ። ልጁ ወለላ፣ የእሑዷ ሙሽራ፣ ከጎኑ ቆማ ፎቶዎቹን ሁለት ቦታ ትከምራለች። በግራ የሞቱት፣ በቀኝ ያሉት። አያቷን በግራ፤ በልጅነቷ ያረፈውን አጎቷን በግራ፤ እናቷን ወለተ ሥላሴን በቀኝ፤ የክርስትና አባቷን በቀኝ። ስንዴ እንደሚለቅም ሰው እጇ አይሳሳትም።

«ይታያል!» አለች አንዱን ከመሃል መዝዛ። የታላቅ ወንድሟ ፎቶ ነበር። «እየው አባየ፣ ይቺን ጃኬት እኮ እንደ ለበሳት ነው የሄደው!» ፎቶውን ሳመችውና በቀኝ በኩል፣ ከሁሉም በላይ አስቀመጠችው።

አለበል አየው። ይታያል ከሞተ ሦስት ወሩ ነበር።

ልጁ በመስከረም መጨረሻ «ለእህቴ ሰርግ የሚታረደውን ወይፈን የምገዛው እኔ ነኝ» ብሎ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። በጥር ወር አብሮት የነበረው መሳፍንት ብቻውን ተመለሰ። ገበያ ላይ አለበልን ከሰው ነጥሎ ወደ ባሕር ዛፎቹ ወሰደውና ነገረው። ወባ ነው፤ የታመመው አራት ቀን ብቻ ነው፤ እዚያው ቀብረነዋል። አለበል ይህን የነገረው ለንስሐ አባቱ ለቄስ ገብረ ኪዳን ብቻ ነው። «ሰርጉ ይለፍ» አሉት ቄሱ። «ከሰርጉ ወዲያ ጾም ይገባል። የወንዱም ወገን ደግሷል። ዛሬ ብታወጣው የሁለት ቤት ድግስ ነው ለቅሶ የሚሆነው። መልሱ ካለፈ በኋላ ጎረቤቱን ሰብስበን መርዶውን በወጉ እናረዳለን።» አለበልም ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ጸሎተ ፍትሐቱን እንኳ በስውር ነው ያስደረገው። ወለተ ሥላሴ «በረሃው ኔትወርክ የለውም አሉ እኮ» ስትል በሰማ ቁጥር ከቤት ወጥቶ ከከብቶቹ ጋር ይቆማል።

እስከ ዛሬ ነገሩ የዝምታ ነገር ነበር፤ ዝም ማለት ደግሞ ለአለበል አዲስ አይደለም። ዛሬ ግን በየፎቶው እየተጠየቀ ነው።

«ይቺስ የት ትግባ?» አለች ወለላ።

አንድ የጥምቀት ቀን የተነሣ አሮጌ ፎቶ ነው። የአለበል እናት የሦስት ዓመቱን ይታያልን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ በአንድ ክንዳቸው ወገቡን ይዘውታል። ልጁ የፎቶ አንሺውን ባርኔጣ አይቶ ይስቃል።

«ቀላል ነው» አለ አንሙት። ፎቶውን ስካን አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ አወጣው። «ለሁለት እንቆርጠዋለን። እሜቴን ከነሻማቸው ለብቻ፣ ልጁን ደግሞ ለብቻ።» በሴትዮዋና በልጁ መካከል መስመር ማስመር ጀመረ። ክንዳቸው አስቸገረው፤ ጥብቅ አድርገው ነበር የያዙት።

«አትለያያቸው» አለ አለበል።

ሁለቱም ዞረው አዩት። ከገባ ጀምሮ ከሰላምታ በቀር ያወጣው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«አባቴ፣ ካልለየናቸው ሻማው ለልጁም ይሆናል» አለ አንሙት በትሕትና። «በቁሙ ላለ ሰው ሻማ አናበራም። ሰውም ያጉረመርማል።»

«ምን ዓይነት ሟርት ነው አባየ!» ወለላ በጣቶቿ አማተበች። «ቁረጠው አንሙት፣ አትስማው።»

እናቴ እኮ ይዛዋለች፣ አለ አለበል በልቡ። አባቱ በማያውቀው አፈር ውስጥ፣ አጠገቡ አንድ ዘመድ ሳይኖር ለተኛ ልጅ፣ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ምን ብላችሁ ትነጥቁታላችሁ? ሊናገር አፉን ከፈተ። ቀና ሲል የወለላን እጆች አየ፤ የሂናው ናሙና በአንደኛው መዳፏ ላይ ገና አልደረቀም። ሦስት ቀን ነው የቀረው። ሦስት ቀን ደስ ብሏት ትዋል እንጂ ሌላ ምን ሊሰጣት ይችላል?

«እንዳሻችሁ» አለ።

አንሙት ቁልፉን ጫን አደረገው። የአለበል እናት ክንድ ከክርኑ በታች ጠፋ። ልጁ በነጭ ባዶ ላይ ብቻውን ቀረ፤ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ አራት ጣቶች ወገቡ ላይ ተጣብቀው ነበር። አንሙት እነሱንም አንድ በአንድ አጠፋቸው።

የወለላ ስልክ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ልጄን አስገባችሁልኝ?» አለች ወለተ ሥላሴ። ከኋላዋ የሴቶች ጫጫታና የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል።

«ገብቷል እምየ።»

«ከሁሉ መጨረሻ አድርጉልኝ። ሰው እሱን አይቶ ይነሣ። ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ አፍ በሰላም ይመልሰው ካለልኝ፣ እግዜር እንዴት እምቢ ይላል?» ከሴቶቹ አንዷን አዘዘችና ተመለሰች። «አባትሽስ? ምነው ድምፁ አይሰማም?»

«አለሁ» አለ አለበል።

«በርትተህ አሠራልኝ እንግዲህ።»

«እሺ።»

ስልኩ ተዘጋ። አለበል እሑድን አሰበ። ድንኳን ሙሉ ሰው ቆሞ በሰላም ይመልሰው ይላል፤ ሚስቱ እጆቿን ዘርግታ አሜን ትላለች፤ እሱም ከጎኗ አሜን ማለት አለበት። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ጎረቤቱ በማለዳ በር ያንኳኳል። ያን ጊዜ ወለተ ሥላሴ ደረቷን ከመድቃቷ በፊት ዞራ እንደምታየው ያውቃል። አንተ ታውቅ ነበር፣ አሜን ስትል ታውቅ ነበር፣ ትለዋለች። ይህንን ለቄሱ አልነገራቸውም።

«ለወንድምሽ የሚሆን ዘፈንስ?» አለ አንሙት።

«ዘፈን አልፈልግም፤ የራሱ ድምፅ አለኝ» አለች ወለላ። «አምና ውድማ ላይ በስልኬ የቀዳሁት።»

ሽቦ ሰኩለት። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ተሰማ። ቀጥሎ ጭድ ላይ የሚረግጥ የበሬ ኮቴ፣ ከዚያ የይታያል ድምፅ። በሬዎቹን በየስማቸው እየጠራ ያንጎራጉራል። ጎበዝ ዘፋኝ አልነበረም፤ ከፍ ማለት ያለበት ቦታ ላይ ድምፁ ይሰነጠቅና በራሱ ይስቃል፤ እንደገና ካላበላሸው ቦታ ይጀምራል። አንሙት አንዱን ቁልፍ ወደ ታች፣ ሌላውን ወደ ላይ ሲያደርግ ነፋሱ ቀነሰ፤ ልጁ ከግድግዳው ማዶ የቆመ ያህል ቀረበ።

«አባየ፣ መንሹን አቀብለኝ!»

የአለበል እጅ ከዱላው ላይ ተነሣ። ወደ ቀኝ ዞሮ የጭድ መንሹን በዓይኑ ፈለገ። በቀኙ ያለው የፕላስቲኩ ጽጌረዳ ነው። ዱላው ወለሉ ላይ ወድቆ ሲንኳኳ ነቃ።

ከድምፅ ማጉያውም ሌላ ድምፅ መጣ፤ ከሩቅ፣ የተቆጣ። «እጅ የለህም? ራስህ አንሣው!» የሰዎች ሳቅ ተከተለው።

የራሱ ድምፅ ነበር። ረስቶታል። ያን ቀን ምን አናዶት እንደነበር ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። ምናልባት ምንም አልነበረም። መንሹ እኮ እግሩ ሥር ነው የነበረው፤ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ብቻ ነበር።

«እዚህ ላይ ወሬ አለበት፤ ልቁረጠው?» አለ አንሙት።

«እንዳትነካው! ሰው ይስቅበት፤ አባየ እኮ እንዲህ ነው።» ወለላ ጎንበስ ብላ ዱላውን አነሣችለት። ዓይኑን ከድምፅ ማጉያው ላይ አለማንሣቱን አይታ የደስታ መሰላትና ትከሻውን አቀፈችው። «ታውቃለህ አባየ? ከሥሩ ያንተን ምርቃት እንጨምርበት። ባገሩ እንዳንተ የሚመርቅ የለም። እምየ በሰማች ጊዜ የምትሆነውን አስበው!»

አንሙት አለበልን ነበር የሚያየው። የልጆቻቸውን ፎቶ አይተው ያለቀሱ ብዙ አባቶች እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ይህኛው ግን አላለቀሰም። አትለያያቸው ያለበትን ድምፅ አስታወሰ። የቆረጠውን ፎቶ አየ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ክምሮች አየ።

«አባቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ካልፈለጉ ይቅር። ሌላ ቀን…»

«ሌላ ቀን ከየት መጥቶ?» ሳቀች ወለላ። «ሰርጉ እኮ እሑድ ነው!»

አለበል አንሙትን አየው። አንሙት ዓይኑን ወደ ቁልፎቹ መለሰ።

ወለላ ማዳመጫውን ጥምጥሙ ላይ ራሷ አጠለቀችለት፤ ማይክራፎኑንም ወደ አፉ አስጠጋች። «እሱ ሲያንጎራጉር ትሰማለህ። ሲያበቃ አንተ ትመርቃለህ። ለእሱ እንደምትነግረው አድርገህ ነው፤ እሺ አባየ?» አንሙት የመቅጃውን ቁልፍ ለመጫን ጊዜ ፈጀበት።

ነፋሱ መጣ፤ በሬዎቹ መጡ። አሁን ልጁ ከግድግዳ ማዶ አይደለም፤ ከራስ ቅሉ ውስጥ ነው። አለበል ምርቃቶቹን በልቡ ደረደራቸው። በሰላም ግባ። እንደ ወጣህ አትቅር። ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ። ስንቱን የሰው ልጅ በእነዚህ ቃላት ሸኝቷል! አንዱን አንሥቶ ሊናገር ሲል ይወድቅበታል፤ ሌላውን ያነሣል፤ እሱም ይወድቃል። ድምፁ ከፍ ማለት ያለበት ቦታ ደረሰ፤ ተሰነጠቀ፤ ሳቀ።

«አባየ፣ መንሹን አቀብለኝ!»

«እንካ» አለ አለበል።

እጁ ተዘርግቷል። የአምናው ቁጣው በጆሮው ውስጥ ሲጮኽ እሱ በላዩ ላይ ይናገር ነበር። «እንካ ልጄ። ይኸው፣ እንካ።»

ወለላ በሳቅ ፈነዳች። «መለሰለት! አንሙት፣ ሰማኸው? መለሰለት እኮ! እንዲሁ ይሁን፣ እንዳትነካብኝ!» እስኪያስነባት ሳቀች።

አንሙት አልሳቀም። የይታያል ድምፅ ካበቃ ቆይቷል፤ አንሙት ግን መቅጃውን አላቆመውም። ስክሪኑ ላይ ድምፅን የምትከተለው አረንጓዴ መስመር ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የአለበል ክንድ እንደ ተዘረጋ ነው፤ ጣቶቹ ወፍራም እንጨት እንደ ያዙ ተጨብጠዋል።

ወለላ ዓይኗን በመዳፏ ጀርባ ጠርጋ፣ ሂናው እንዳይነካካ ተጠንቅቃ፣ ማይክራፎኑን ትንሽ ወደ አፉ ገፋችለት።

«በል እንጂ አባየ» አለች፣ «ምርቃቱስ?»