ከተለጣፊው ሥር
የኔትወርክ ቴክኒሻኗ ሻጉፍታ ቁም ሳጥኑን ስትነካው ጣቷን ለበለባት። የሙልታን ከተማ ከጠዋት ጀምሮ እሳት ስትተፋ ነው የዋለችው፤ በሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ያለው የመስመሮች ቁም ሳጥን ምድጃ ሆኗል። በፋይበር የሚመጣውን ብርሃን ወደ መዳብ ገመድ ለውጦ መስመሮቹን ለሚያከፋፍለው ስዊች የሚያቀብለው ትንሽ መቀየሪያ ጨርሶ ጠፍቷል።

ስልኳ ጮኸ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ዶክተር መህዊሽ ነበረች።

“ምነው ሻጉፍታ! ከአውቶቡስ ጣሪያ የወደቀው ሰውዬ ጭንቅላቱ ውስጥ እየደማ ነው። የሲቲ ስካኑ ምስል የታለ?”

“አምስት ደቂቃ ይስጡኝ ዶክተር።”

መጠባበቂያውን ሰካች። አረንጓዴው መብራት በራ፤ ልቧ መለስ ሲል እሱም ድርግም አለ። ሁለቱንም የመረጠችው እሷ ናት፤ “እስከ ሰባ አምስት ዲግሪ ሙቀት ይችላል” የሚለውን ተለጣፊያቸውን አምና።

ደረጃውን እየዘለለች ወርዳ፣ ባለፈው ክረምት ነቅላ መጋዘን የወረወረችውን አሮጌ መቀየሪያ አመጣች። ሠራ። ምስሉ ደረሰ፤ ዶክተሯም ሳትሰናበታት ስልኩን ዘጋች።

ሻጉፍታ ያኔ ነው የተቃጠለውን አንስታ ተለጣፊውን በጥፍሯ የላጠችው። ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ አለ፦ አርባ ዲግሪ።

ዕቃውን የሸጠላት ጉላም ያሲን ነው፤ ሙያውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማራት፣ እንደ አባት የምታየው ኡስታዷ። ደወለችለት።

“ኡስታድ፣ ከሥሩ አርባ ይላል።”

“ልጄ፣ የዘንድሮ ዕቃ መቼም...”

“እርስዎ ነዎት የለጠፉት?”

“ቢሮ ውስጥ ታደርጊዋለሽ ብዬ ነው እንጂ። ጣሪያ ላይ መሆኑን መቼ ነገርሽኝ?” አላት።

ይክደኛል ብላ ነበር፤ ቢክዳት በተሻላት።

“ስሚኝ፣” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ከሸጥኩልሽ የቀሩትን አሥራ አራቱን ዛሬውኑ በደህና ዕቃ እቀይርልሻለሁ። ትንፍሽ እንዳትዪ። የኔም ሱቅ፣ ያንቺም እንጀራ ነው።”

“ሰውየውስ ቢሞት?”

“አልሞተም አይደል?”

“እሱን ገና አላወቅንም፣ ኡስታድ።”

ወርዳ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ፊት ተለጣፊው የተላጠውን መቀየሪያ አስቀመጠች። ነገሩን ስትነግረው ዳይሬክተሩ ግራ ተጋብቶ አንዴ መቀየሪያውን አንዴ እሷን አየና የሪፖርት ወረቀት ሰጣት። “መርጬ፣ ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ” ብላ ጻፈች። “ሻጭ” የሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ።

“ምነው፣ ስሙን ረሳሽው?”

“እሱንስ አልረሳውም፣” አለችና ከነአባቱ ጻፈችው።