የአሥራ አንደኛው ወር ዋጋ

ትዕዛዝ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የአሮጌውን ጋዜጣ ገጽ ስትገልጥ ጣቶቿ በቀዳዳ አለፉ። የእህል ዋጋ በሚወጣበት ቦታ ላይ መዳፍ የምታህል ክፍተት ነበረች። ዳር ዳሯ በምላጭ የተቆረጠ ነው። በክፍተቷ በኩል ከሚቀጥለው ገጽ የአንድ ኳስ ተጫዋች ግማሽ ፊት ይታያል።

አባቷ ለገሠ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር። ትዕዛዝ ጋዜጣውን እስከ መጨረሻው ገጽ ገለጠች። ከዚያ አጠፈችውና እጇን ላዩ ላይ አሳረፈች።

"ኸላስ፣ አበቃ" አለች። "የቀረችኝ ይቺ ወር ብቻ ነበረች።"

ትዕዛዝ ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች ናት። ኢኮኖሚክስ ትማራለች። የማስተርስ ጽሑፏ ሱዳኖች ዱራ ስለሚሉት ማሽላ ነው፤ ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ የድኻው ቤት ምን እንደሚበላ ልታሳይ ነው ሐሳቧ። ለዚህ የዓመታት ዋጋ፣ ወር በወር፣ ያስፈልጋታል። አስተማሪዋ ዶክተር ሉጥፊያ ደንቡን ገና ከጅምሩ ነግራታለች። ቁጥሩ ለሕዝብ ይፋ ከሆነ ቦታ ይምጣ፤ ማንም ሰው ተነሥቶ ሄዶ ሊያየው የሚችል ይሁን። አንድ ወር ከጎደለ ርዕሱ ይቀየራል። የመጨረሻው ቀን ይህ ሐሙስ ነው። ርዕሱ ከተቀየረ ትምህርቱ ለሚቀጥለው ዓመት ያድራል፤ የነጻ ትምህርት ዕድሏ ግን ዘንድሮ ያበቃል።

ለገሠ በወጣትነቱ ከኢትዮጵያ ተሰዶ የመጣ፣ አል-ማንሺያ በሚባል የካርቱም ሰፈር የአንድ ሀብታም ቤት ዘበኛ ነው። ፊደል ቆጠረ እንጂ ብዙ አልተማረም። የልጁ ሥራ ምን እንደሆነ የገባው በዓይኑ አይቶ ነው። ሰፈራቸው መብራት ሲጠፋ፣ የጌቶቹ ጄኔሬተር ስለሚሠራ፣ ኮምፒውተሯን ይዛ የዘበኛ ክፍሉ ውስጥ ትቀመጥ ነበር። የመንግሥት ስታቲስቲክስ ድረ ገጽ አልከፈት ሲላት ሰው የሌለበትን በር እንደሚያንኳኳ ሰው ደጋግማ ትሞክራለች። ሲከፈት ታወርዳለች፤ ያወረደችውን ከማዕከላዊ ባንኩ ዓመታዊ ሪፖርት ጋር ታስተያያለች። ሁለቱ ካልተስማሙ ያማረውን አትመርጥም፤ ሁለቱንም ትጽፋለች። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ከየት እንዳገኘችው አለ። ለገሠ ብዙ ሰው ሲሠራ አይቷል፤ ማንም ሳያዛት እንዲህ የምትጠነቀቅ ሰው ግን አላየም። ይህን ለእሷ ነግሯት አያውቅም።

ኢንተርኔት ተዘግቶ የከረመባቸው ወራት ዋጋ በየትኛውም ድረ ገጽ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ወደዚህ ቤተ መጻሕፍት መጣች። አንድ ጋዜጣ በየወሩ መጨረሻ የእህል ዋጋ ያወጣ ነበር፤ ጋዜጣው ራሱ ከዚያ ወዲህ ተዘግቷል። የቀሩትን ወራት አገኘች። በፈረንጆቹ አሥራ አንደኛው ወር ላይ ቀዳዳው ጠበቃት።

የጋዜጣ ክፍሉ ኃላፊ፣ መነጽሩን በግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ፣ መጥቶ አየና ከንፈሩን መጠጠ። ከዋጋው ጀርባ የኀዘን መግለጫ የሚወጣበት ገጽ እንደነበረ ነገራቸው። ሰው የሞተበት ምላጭ ደብቆ ይገባል፤ የሟቹን ስም ቆርጦ ይወጣል፤ ምን ይባላል? ይህን ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ለገሠ እጁን ኪሱ ከተተ። ኪሱ ውስጥ ፍላሽ አለ። የጌታው ወንድም ኡስታዝ ተውፊቅ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ የሁሉም ወር ዋጋ ከመሥሪያ ቤቱ ተገልብጦ እዚያ ውስጥ ነው። ለገሠ በዚያ ቤት ሲኖር ለራሱ አንድም ነገር ለምኖ አያውቅም። ይህን ለመለመን ግን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጠዋት ሲሰጣት፣ ሰው ሁሉ የሚያገኘው እንደሆነ ጠየቀችው፤ አለመሆኑን ስትሰማ መለሰችለት።

"ገጹ እንደሆነ ተቆርጧል" አለ አሁን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቁጥሩን ከዚህ ወስደሽ የጋዜጣውን ቀን ከጎኑ ብትጽፊበት ማን ያውቃል?"

"ማንም።"

"እንግዲያውስ።"

"ችግሩ እሱ ነው እኮ፣ አባባ። ማንም ማየት የማይችል ከሆነ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ እኔም አላየሁትም።"

ለገሠ እጁን ባዶውን አወጣ። ደስ አላለውም።

ትዕዛዝ ግን ተነሥታ ወደ ኃላፊው ሄደች፤ ከዚያ ቀን በኋላ የወጡትን ጋዜጦች ጠየቀች። ለገሠ ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባው ቆይቶ ነው። በዚህ አገር ለቅሶ ሲያበቃ የሟች ቤተሰብ ያስተዛዘነውን ሁሉ በጋዜጣ ያመሰግናል። የኀዘን መግለጫው ቢቆረጥም ምስጋናውን የቆረጠው የለም፤ ቁራጩ ያለበት ቤት ከዚያ ሊታወቅ ይችላል። ገጹን በጣቷ እየተከተለች ወርዳ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ሟቹ የእህል ነጋዴ ነበር፤ ቤተሰቡ በተቆረጠው ገጽ ቀን በዚሁ ጋዜጣ ኀዘኑን የገለጸውን ሁሉ ያመሰግናል። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ፣ ካፉሪ ነው።

"ያላ፣ እንሂድ" አለች።

ሱቅ ዐረቢ ከሚባለው ገበያ ሀፍላ የሚሏትን ትንሽ አውቶቡስ ይዘው ድልድዩን ተሻገሩ። ካፉሪ ሲደርሱ መስጊድ በር ላይ ጠየቁ፤ የነጋዴውን ቤት የማያውቅ አልነበረም። በሩን የከፈተችላቸው ኒዕማ የምትባል የወሎ ልጅ ናት፤ የቤቱ ሠራተኛ። እጇ ላይ የሳሙና አረፋ ነበረ። ለገሠ በአማርኛ ሰላም ሲላት ፊቷ በራ። የመጡበትን ሲነግራት ግን አንዴ እሱን አንዴ ልጁን አየች።

"ለማሽላ ዋጋ ብላችሁ ነው በዚህ ሐሩር ድልድይ የተሻገራችሁት? አባባ፣ ሱቁ ከዚያው ከጎናችሁ አይደል እንዴ?"

"የዛሬውን አይደለም" አለች ትዕዛዝ። "የድሮውን።"

"የድሮውን ማን ይሸጥልሻል፣ እህቴ?"

እየሳቀች ገባች፤ ተመልሳም አስገባቻቸው።

የሟቹ ሚስት ሐጃ ዛሂራ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣለች። ከራስጌዋ የባሏ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከፎቶው በታች በመስታወት ክፈፍ ውስጥ የተቆረጠው ወረቀት አለ። ትዕዛዝ ጉዳዩን በዐረብኛ አስረዳቻት። አሮጊቷ አፍራ መሬት መሬት አየች። በለቅሶው ግርግር ጋዜጣ ያስቀመጠ አልነበረም፤ በኋላ ልጇ ከቤተ መጻሕፍት ቆርጦ አመጣላት፤ ከጀርባው ምን እንዳለ ያየ የለም። ከዚያ ኒዕማን ጠርታ ቢላዋና ለብ ያለ ውሃ እንድታመጣ አዘዘቻት።

"ሰውየው ነጋዴ ነበር" አለች። "ዋጋ ለጠየቀው ደብቆ አያውቅም። ይነቀል።"

ክፈፉ ወርዶ ትዕዛዝ ጭን ላይ ተቀመጠ። መስታወቱን አነሣች። ወረቀቱ ሙሉውን በሙጫ ከእንጨት ላይ ተለጥፏል። ጣቷን በውሃ ነክራ አንዱን ጥግ አረጠበች፤ በጥፍሯ ቀስ ብላ ሳብ አደረገችው። ወረቀቱ ሳሳ። ከሟቹ ስም የመጀመሪያው ፊደል መላጥ ጀመረ።

ሐጃ ዛሂራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች።

ትዕዛዝ እጇን አቆመች። ጥጉን በአውራ ጣቷ መልሳ ተጫነችው፤ እስኪይዝ ድረስ ተጭና ቆየች። በሻሿ ጫፍ ውሃውን አደረቀች፤ መስታወቱን መለሰች።

"ማዓሌሽ፣ ይቅርታ፣ ሐጃ" አለች። "ይቆይ።"

"ፈቅጃለሁ እኮ፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ።"

ኒዕማ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። አሁን አትስቅም። "አላህ ያግዝሽ" አለቻት፤ በሩንም ቶሎ አልዘጋችውም።

ዩኒቨርሲቲው ሲደርሱ ገና የዐስር ሶላት አልተሰገደም። ከዶክተር ሉጥፊያ ቢሮ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀመጡ። ትዕዛዝ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ሠንጠረዡ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነው፤ አንድ ሳጥን ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል። ለረጅም ጊዜ አየችው።

"አባባ፣ ፍላሹ አለ?"

ለገሠን ጠዋት ቢሆን ደስ ይለው ነበር። አሁን ግን ውሎዋን ሁሉ አይቷል፤ ያንን ጥግ መልሳ ስትጫን አይቷል። ቢሆንም ልጁ ናት፤ ዓመቷም የእሷ ነው። አውጥቶ ሰጣት።

ትዕዛዝ ከደብተሯ ወረቀት ቀደደች። ፍላሹን ጠቀለለችው፤ በላዩ ላይ "ለኡስታዝ ተውፊቅ፣ ከምስጋና ጋር" ብላ በዐረብኛ ጻፈችበትና መለሰችለት።

"አልከፈተችውም በለው" አለች።

ከዚያ ነጩን ሳጥን እንዳለ ትታ ከሠንጠረዡ ሥር ጻፈች። ምን እንዳለች ሲጠይቃት፣ ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ ቃሉ እየጠፋት፣ አነበበችለት፦ የዚህ ወር ዋጋ አልተገኘም፤ ጋዜጣው አለ፣ ገጹ ተቆርጧል፤ ቁራጩ በአንድ የግል ቤት ተለጥፎ ይገኛል፤ ሳይቀደድ ስለማይነሣ ተትቷል።

"ዶክተሯስ ምን ትላለች?"

"እንጃ" አለች። "ያለውን ግን ታያለች።"

ኮምፒውተሯን አቅፋ ተነሣች፤ አንኳኳች፤ ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

ለገሠ ሊጠብቃት ነበር የመጣው። ከውስጥ የዶክተሯ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ፍላሹ ያለባትን ጥቅልል በመዳፉ ላይ አድርጎ አያት። መልሱ ክፉ ከሆነ ልጁ በዚያ በር ስትወጣ ፊቷን ያያል፤ ያን ጊዜ እጁ ኪሱ መግባቱ አይቀርም። ራሱን ያውቀዋል።

ተነሣ። ጥቅልሏን በእጁ እንደያዘ፣ ለባለቤቱ ሊመልሳት፣ ወደ አል-ማንሺያ የሚሄደው ሀፍላ ሳይሞላ ለመድረስ ፈጠን ብሎ ወጣ።